የሚቀጥለው ፈቺ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 አንድ ሕግ አዋቂ ባልንጀራው ማን እንደሆነ ጌታችንን ይጠይቃል። መልሱ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉት ሰው ታሪክ ነው። ስለዚህ ታሪክ የሰማኋቸው ስብከቶች ካህኑና ሌዋዊው ገለል ብለው ማለፋቸውን፣ አይሁድ የማይቀርቡት ሳምራዊ ግን ቁስሉን ማሰሩን ያጎላሉ። መልካም ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሳምራዊው ቁስለኛውን በዓይኑ አይቶታል። ዛሬ በምሠራው ሥራ የሚጎዳው ሰው ከዓመታት በኋላ የሚመጣ፣ ስሙን የማላውቀው፣ ፊቱን የማላየው ከሆነስ? እሱም ባልንጀራዬ ነው?

ጥያቄው የመጣብኝ መጽሐፍ ሳነብ ሳይሆን መኪና ሥር ሆኜ ነው። መካኒክነትን የለመድኩት አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ሲሆን አሁን የምሠራው ሚኒሶታ ነው። አዲስ አበባ የሃያ ዓመት ኮሮላ ሥር ብትገባ የምታገኘው አቧራና ዘይት ነው፤ ብሎኑ ትንሽ ያንገራግርና ይለቃል። እዚህ ግን ክረምት በገባ ቁጥር በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። ጨዋማው ውኃ ብሎኑና ቀዳዳው መካከል ሰርጎ ይገባል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከተበላው ብረት የሰፋ ቦታ ይይዛል፤ በጥርሶቹ መካከል የነበረችውን ክፍተት ሞልቶ ብሎኑን ይቆልፈዋል። የጎማው ኩሽኔታ የሚቀመጥበት አካል አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውኃ ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ከእሱ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ኩሽኔታውን ዙሪያውን ነክሶ ይይዘዋል።

እንዲህ ያለ መኪና ኩሽኔታው ሊቀየርለት ሲመጣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ የአክስሉ ዳዶ ይወርዳል። ብዙ መኪናዎች ላይ ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ኩሽኔታውን ከኋላ የያዙት ብሎኖች ናቸው። ፈተናው ያለው እዚያ ነው። በሽቦ ብሩሽ አጸዳቸዋለሁ፣ ወደ ዝገቱ የሚሰርግ ዘይት እረጫለሁ፣ ከተቻለም አሳድራቸዋለሁ። ጭንቅላታቸውን በመዶሻ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ እንጂ ባለ አሥራ ሁለቱን አላስጠጋም፤ ያኛው ጠርዛቸውን በልቶ ያንሸራትታል። ከመፍታቴ በፊት በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው እገፋለሁ፣ እመልሳለሁ፣ ዘይት እጨምራለሁ፣ እንደገና እገፋለሁ። እምቢ ካለ እሳት አለ። እሳቱም ቢሆን የፍሬን ቱቦና የሴንሰር ሽቦ ባለበት፣ ይልቁንም አሉሚኒየም ባለበት፣ እንደልብ አይደረግም። ብሎኑ አንገቱ ላይ ከተቆረጠ በመሰርሰሪያ ማውጣት ነው፤ ያም ካልሆነ ሙሉውን አካል መቀየር። በጥቂት ሰዓት ያልቃል የተባለው ሥራ ቀኑን ይውጠዋል። ባለመኪናዋ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምታመጣበት መኪና ሊፍት ላይ ተሰቅሎ ያድራል፤ እሷም ያላሰበችውን ገንዘብ ትከፍላለች።

ከእኔ በፊት ያጠበቀውን ሰው የማስበው ያኔ ነው። አላውቀውም፣ ሥራው ግን ፊቴ ተቀምጧል። ኩሽኔታውን ቀይሯል፤ የመቀመጫውን ዝገት አልፋቀም፤ አሮጌዎቹን ብሎኖች በደረቁ መልሶ በአየር መፍቻ ነድቷቸዋል። ክፉ ሰው ነው ለማለት አልደፍርም። እዚህ አገር ብዙ መካኒክ የሚከፈለው የሥራ ሰዓት ተመን መጽሐፍ ለሥራው በቆረጠው ሰዓት ልክ ነው፤ ዝገት ሲፍቅ ያጠፋውን ጊዜ ማንም አይቆጥርለትም። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ጩኸቱ ጠፍቷል፣ ደንበኛውም አመስግኖ ሄዷል። ብዙው በደላችን እንዲህ ያለ ይመስለኛል። የተበደለው ሰው በቦታው ስለሌለ በደል መሆኑ አይታወቀንም።

እኔ የማምነው የማጠብቀው ብሎን ሁሉ ሁለት ባለመብት እንዳለው ነው፤ ዛሬ የሚነዳውና ነገ የሚፈታው። ሁለቱ ግን ሁልጊዜ አይስማሙም። ዝገት የሚከላከለውን ቅባት ጥርሱ ላይ መቀባት ለሚፈታው ምሕረት ነው። ነገር ግን የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቶርክ ሬንች ላይ የምንሞላው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ለደረቅ ጥርስ የተሰላ ነው። ብሎኑ ቅባት ሲነካው ቀድሞ በሰበቃ ይባክን የነበረው ጉልበት እሱን ወደ መሳብ ይዞራል፤ በዚያው ቁጥር ከልኩ በላይ ይወጠራል፣ ሊበጠስም ይችላል። አንዳንድ ፋብሪካዎች የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ለሚመጣው ሰው ብዬ ዛሬ የሚነዳውን አደጋ ላይ ብጥል ፍቅር አይባልም። ስለዚህ መመሪያውን አነባለሁ። መቀመጫውን እስኪነጣ እፍቃለሁ፤ በተፈቀደበት ቦታ ስስ ቅባት አሳርፋለሁ፤ ወደ ፍሬኑ ጠብታ አላስጠጋም፤ አዲስ ብሎን ይግባ ከተባለ አዲስ አስገባለሁ፣ በልኩም አጠብቃለሁ። ልክ መጠበቅ ለሁለቱም የሚደረግ ደግነት ነው።

አብሮኝ የሚሠራ ወጣት አለ። አንድ ቀን ስፍቅ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና በሚቀጥለው እኮ ሌላ ጋራዥ ነው የምትሄደው። ለተፎካካሪ ነው የምንለፋው?» አለኝ። ጥያቄው የስንፍና አልነበረም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ጥያቄ ነው። ያነሳሁለት የሳምራዊውን ታሪክ መጨረሻ ነው። ሳምራዊው በማግስቱ መንገዱን ቀጥሏል። ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ፣ ከዚያ በላይ የወጣውን ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቶ ነው የሄደው። ቁስሉን ማሰሩ ብቻ ሳይሆን እሱ የማይኖርባቸውን ቀናትም አስቦለታል። ቤተ ክርስቲያናችንስ ላለፉት ፍትሐት ታደርስ የለም? ተዝካር እናወጣ የለም? ፊቱን ለማናየው ለሞተው ሰው ዕዳ አለብን ካልን፣ ገና ላልመጣው የለብንም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም።

የንስሐ አባቴን፣ «አባ፣ ብሎን በደረቁ ማጥበቅ ኃጢአት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አልሳቁም። «በኋላ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?» አሉኝ። አዎ አልኩ። በጎ ማድረግን እያወቀ ስለሚተው ሰው ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ የጻፈውን እንዳነብ አዘዙኝ።

ካነበብኩት ወዲህ የከበደኝ የወጣቱ ነገር ነው። ሳያውቅ ቢያጠብቅ ነፃ ነበር፤ ካስተማርኩት በኋላ ግን በየብሎኑ ይጠየቅበታል። ዝም ብል ደግሞ ዕዳው ወደ እኔ ይዞራል፣ የማውቀው እኔ ነኝና። አስተማርኩት። አሁን መመሪያውን ራሱ እያነበበ ቅባት የተፈቀደበትንና የተከለከለበትን ይለያል። ስለ ሌላው ጋራዥ ያነሳውን ክርክር ግን አልተወም፤ እኔም ተወው አላልኩትም።