ቀለሙ ይቅደም ወይስ ገመዱ?

ችግራችን ብዙ፣ ገንዘባችን ጥቂት ሲሆን የትኛውን እናስቀድም? ጥያቄውን በአንዲት አሮጌ ጀልባ እንመርምረው።

ሆቢ አልተር የተባለ አሜሪካዊ በ1968 እ.ኤ.አ. ሆቢ 14 የተባለችውን ትንሽ ባለ ሸራ ካታማራን በካሊፎርኒያ ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። ካታማራን ማለት ሁለት ቀፎዎች ጎን ለጎን የተጣመሩባት ጀልባ ናት። እንዲህ ያለችውን አሮጌ ጀልባ በርካሽ ብንገዛ መጀመሪያ የሚያምረን ቀለም መቀባት ነው፤ ቀለም ይታያል፣ ያስመሰግናልም። የሸራውን ምሰሶ ወጥረው የያዙትን የሽቦ ገመዶች ግን ልብ የሚላቸው የለም። ይሁን እንጂ አንዱ በነፋስ መካከል ቢበጠስ ምሰሶው በተሳፋሪው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ!

«ጀልባዋ የራሴ ናት፤ ብጎዳ እኔው ልጎዳ» የሚል ይኖራል። አብሮት የሚሳፈረው ወዳጁስ? እርሱ ያየው ቀለሙን ነው፤ ያመነው ግን ገመዱን ነው። ጉድለትን እያወቁ በቀለም መሸፈን እንግዲህ ቃል ያልወጣው ውሸት ነው።

ድህነትም ሰበብ አይሆነንም። ቀፎው ማፍሰስ አለማፍሰሱን ለማወቅ በውስጡ ጥቂት አየር በቀስታ ነፍቶ ከውጭ የሳሙና ውኃ መቀባት ይበቃል፤ አረፋ የሚያወጣው ቦታ ቀዳዳው ነው። እውነቱን ማወቅ የሚፈጀው ሳሙና ብቻ ነው። ለገመዱ ገንዘብ ካጣን ደግሞ ጀልባዋ እስኪሞላልን በዳር ትቆይ።

እኛስ ወጣቶች፣ ሌላው ሰው አምኖ የሚደገፍበትን ነገራችንን እያጠበቅን ነን ወይስ ቀለም እየቀባን?