መስከረም ጠባ፤ እኛስ?

«እንኳን አደረሰህ» ሲሉን «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለን እናልፋለን። ግን እስቲ ጎበዝ፣ እንጠያየቅ፤ ሜዳው አደይ አበባ ስለለበሰ ሰው የግድ ደስ ሊለው ይገባል እንዴ? ውስጡ ቅር ቅር ካለውስ፣ ምስጋና ቢስ ነው?

እኔ አይመስለኝም። አዲሱ ዓመት መስከረም 1 ይገባል፤ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ክረምቱ የሚወጣው መስከረም 25 ነው። እስከዚያ ድረስ አዲሱ ዘመን የአሮጌውን ዝናብ ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ገበሬውን ደሞ ተመልከቱ፤ ማሳው ለምለም፣ ጎተራው ባዶ! ጤፉ የሚታጨደው ኅዳር ከገባ በኋላ ነው፤ አበባ እንደሁ አይበላ። እህሉ የሚያድግበት ወር ቤተሰቡ የሚቸገርበት ወር ነው።

ሰውም ሲለወጥ እንዲሁ ነው። አሮጌው ሐሳብ አላጠግበው ብሏል፣ አዲሱ ገና አላፈራም። በመካከሉ የሚሰማውን ጭንቀት «ወላዋይነት» ብሎ መሳደብ ለኛ ለተማሪዎች ቀላል ነው (ስም ማውጣት መቼ ይቸግረናል!)። ከቤተሰቡ ዘንድ ተመልሶ ዝም ያለውን የዶርም ጓደኛችንን «ምነው ፊትህ ጠቆረ፣ በዓል አይደል እንዴ?» እያልን ከምንነዘንዘው፣ እስከ መስከረም 25 እንኳ ብንታገሠው ምን እንጎዳለን?