መልካም ሴት ማን ናት?
በባዕብዳ ኰረብታ ላገለገለች እኅት የተሰጠ መልስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ተሳላሚዎች፥ የተከበራችሁ አባቶችና ወንድሞች መነኮሳት ሆይ፤

ባለፈው የፍልሰታ ሱባኤ በዚህ በእንግዶች ማረፊያ ካደሩት ተሳላሚዎች መካከል አንዲት እኅት ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጥያቄው በንስሓ የተነገረ አይደለም፤ ሌሎች እኅቶች እየሰሙ በግልጥ የተጠየቀ ነው። እርሷም «ለሌሎች የሚጠቅም ከሆነ ይጻፉት» ብላ ፈቅዳልኛለችና፥ ስሟን ትቼ ነገሩን ብቻ እጽፋለሁ።

ይህች እኅት በሊባኖስ አገር፥ ከቤሩት ከተማ በላይ በምትገኘው በባዕብዳ፥ በአንድ ቤት ስድስት ዓመት በቤት ሠራተኛነት ኖራለች። ስትሄድ ሁለት ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነበር። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ወስዳ ቈልፋበት ነበር፤ የመጨረሻውም ዓመት ደመወዝ አልተከፈላትም። ወደ አገሯ በተመለሰች ጊዜ ታናሽ ልጇ አያቱን «እማዬ» ሲል፥ እርሷን ግን እንደ እንግዳ ቆሞ አያት። ከዚህ በኋላ እንዲህ አለችኝ፤ «አባቴ፥ በልጅነቴ መልካም ሴት ታዛዥ ናት፥ ዝምተኛ ናት፥ ቤቷንም የምትጠብቅ ናት ሲባል ሰምቼ አደግሁ። እኔም ታዘዝሁ፤ ዝምም አልሁ። ነገር ግን የራሴን ቤት ትቼ የሰው ቤት ጠበቅሁ። እንግዲህ እኔ መልካም ሴት ነኝን፥ ወይስ አይደለሁም?»

መልስ ወዲያው አልሰጠኋትም። ያንን ትምህርት ያስተማሯት እንደ እኔ ያሉ ሰዎች ናቸውና። ሐዋርያው ለቲቶ በጻፈው መልእክት ወጣቶች ሴቶች በቤታቸው ሥራ እንዲተጉ ማዘዙን እየጠቀስሁ፥ ወደ ዐረብ አገር የሚሄዱትን ልጆች በዐውደ ምሕረት ቆሜ ስገሥጽ ኖሬአለሁ። ቤቷ እንጀራ ባጣ ጊዜ ግን ሴቲቱ የምትጠብቀው ምኑን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእርሷ መልስ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ለእኔም የትምህርቴ ማረሚያ ነው።

አስቀድመን እንደ እርሷ ያሉት እኅቶች የሚኖሩትን ኑሮ እንመልከት። በሊባኖስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 የወጣው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። ከዚያም «ካፋላ» በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛይቱ የመኖሪያ ፈቃድ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ነው፤ ከአሠሪዋ ቤት ያለ ፈቃድ የወጣች እንደ ሆነ ሕገ ወጥ ተብላ ትቈጠራለች። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ፥ በግንቦትና በሰኔ ወር ብዙ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ፥ በባዕብዳ አውራጃ በሐዝሚዬ ከነበረው ከኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ጣሏቸው። አንዳንዶቹ ደመወዛቸው ሳይከፈል፥ አንዳንዶቹም ፓስፖርታቸው ሳይመለስ፥ ሻንጣቸውን ተንተርሰው በመንገድ ዳር አደሩ። በ2017 ዓ.ም. መስከረም ወር ጦርነቱ በበረታና የቤሩት ደቡባዊ ሰፈሮች በቦምብ በተደበደቡ ጊዜም፥ አሠሪዎቻቸው ሲሸሹ ከኋላ የተተዉ ሠራተኞች ነበሩ።

ይህን የምጽፈው የሊባኖስን ሕዝብ ለመኰነን አይደለም። በዚያው አገር የካሪታስ ማኅበር እንደነዚህ ላሉት ሴቶች መጠለያ ሲሰጥ ኖሯል፤ ከአሠሪዎችም መካከል ሠራተኛቸውን እንደ ልጅ የያዙ አሉ። ነገር ግን ጥያቄያችን ስለ መልካም ሴት ነውና፥ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሴቶች በሚኖሩበት ቤት እንመርምረው፤ አንዲቱ እመቤት ናት፥ አንዲቱም ሠራተኛ። ስለ ሴት ክብር የምናስተምረው ትምህርት ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ፥ ለአንዲቱም አይበቃም።

ሰዎች ስለ መልካም ሴት ሲናገሩ የሚጠቅሱት በምሳሌ መጽሐፍ ምዕራፍ 31፥ በእኛ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ተግሣጽ በሚባለው ክፍል ያለውን ነው። ብዙ ጊዜ የምናነበው ከቁጥር 10 ጀምሮ ነው። ምዕራፉ ግን የሚጀምረው አንዲት እናት ንጉሥ ልጇን ስትመክር ነው፤ ምክሯም መናገር ስለማይችሉት አፉን እንዲከፍት፥ ለድኃውና ለምስኪኑም እንዲፈርድ የሚያዝ ነው። እንግዲህ ስለ መልካም ሴት የተጻፈው ምዕራፍ ራሱ በሴት ቃል የተጀመረ ነው፤ ያም ቃል ስለ ተበደሉት ዝም አትበል የሚል ነው። ወደ ታች ስንወርድም የተመሰገነችው ሴት አፏን በጥበብ የምትከፍት ናት እንጂ አፏ የተዘጋ አይደለችም።

በዚያው ምዕራፍ ሦስት ነገሮች አሉ፤ እኔ ለብዙ ዓመታት ሳላስተውላቸው ያለፍኋቸው ናቸው። አንደኛው፥ ይህች ሴት እንደ ነጋዴ መርከብ ምግቧን ከሩቅ ስፍራ እንደምታመጣ ይናገራል። ለልጆቿ እንጀራ ባሕር ተሻግራ የሄደችውን ሴት ቤቷን ያልጠበቀች ብለን ስንወቅሳት፥ መጽሐፍ በዚህ ምሳሌ እንደሚያመሰግናት ዘንግተን ነበር። ሁለተኛው፥ እመቤቲቱ ገና ሌሊት ሳለ ተነሥታ ለቤተ ሰቧና ለገረዶቿ ድርሻቸውን እንደምትሰጥ ተጽፏል። ስለዚህ የቤት እመቤት መልካምነት ከሚለካበት መስፈሪያ አንዱ፥ የሠራተኛዋ ድርሻ በጊዜው መድረሱ ነው። ሦስተኛው የምዕራፉ መዝጊያ ነው፤ ከእጇ ፍሬ እንዲሰጧት፥ በከተማዪቱም በር በሥራዋ እንድትመሰገን ያዝዛል። በጥንት ዘመን የከተማ በር ሽማግሎች ለፍርድ የሚቀመጡበት አደባባይ ነበር። እንግዲህ የመልካም ሴት ነገር የሚፈጸመው ደመወዟ በሚከፈልበትና ሥራዋ በአደባባይ በሚታወቅበት ስፍራ እንጂ በጓዳ ተዘግቶባት አይደለም።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ «ሐዋርያው አገልጋዮች ለጌቶቻቸው እንዲታዘዙ አዝዞ የለምን? አጋርንስ መልአኩ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ አላዘዛትምን?» ሊል ይችላል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለምና በቅንነት እንመልከተው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ስለ አገልጋዮች መታዘዝ ከጻፈ በኋላ፥ ወዲያው ጌቶች ለአገልጋዮቻቸው ቅንና እኩል የሆነውን እንዲያደርጉ ያዛል፤ ለእነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው ያስጠነቅቃል። እኛ ግን የመጀመሪያውን ቃል ለሠራተኛይቱ አነበብንላት፥ ሁለተኛውን ለእመቤቲቱ ሳናነብላት መጽሐፉን ዘጋን። ትዕግሥት ታላቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ትዕግሥትን ለእግዚአብሔር የሚያቀርበው የታገሠው ሰው ነው እንጂ፥ በዳዩ ከተበዳዩ እንደ ዕዳ የሚጠይቀው አይደለም።

የአጋርም ነገር እንዲሁ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 16 ሣራና አብርሃም ስለ እርሷ ሲነጋገሩ ገረድ ይሏታል እንጂ ስሟን አያነሡም። በስሟ የጠራት በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ ያገኛት መልአክ ነው፤ ከወዴት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድም ጠየቃት። እርሷም እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ ጠራችው። እንድትመለስ ቢያዝዛትም ያዘዛት መከራዋን የሰማና ለልጇ ተስፋ የሰጠ ነው። በምዕራፍ 21 ከነልጇ በተሰደደች ጊዜ ግን፥ እግዚአብሔር ተመለሺ አላላትም፤ የውኃ ጕድጓድ አሳያት እንጂ። ስለዚህ ከአጋር ታሪክ «ተመለሺ» የሚለውን ብቻ ነጥቆ ለሸሸች ሴት መናገር፥ ማየትንና መስማትን ለእግዚአብሔር ትቶ ማዘዝን ብቻ ለራስ መውሰድ ነው። ደግሞም በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ከጌታው የሸሸውን ባሪያ ለጌታው አሳልፎ መስጠት ተከልክሏል፤ በምዕራፍ 24 ደግሞ የድኃውን ምንደኛ፥ መጻተኛም ቢሆን፥ ዋጋውን ፀሐይ ሳትገባ በዚያው ቀን መክፈል ታዝዟል።

እመቤታችን ድንግል ማርያምስ? እርሷ ራሷን የጌታ ባሪያ ብላ ጠርታለች፤ እኛም ይህን ቃል ለሴቶች ትሕትና ምሳሌ እናደርገዋለን፤ ደግ አድርገናል። ነገር ግን ያችው ድንግል በኤልሳቤጥ ቤት በጸለየችው ጸሎት ትዕቢተኞች እንደ ተዋረዱ፥ የተራቡትም እንደ ጠገቡ ተናግራለች። ለእግዚአብሔር ባሪያ የሆነች ሴት ማንም ሰው እንደ ዕቃ ሊይዛት መብት የለውም። በወርኃ ጽጌም ስደቷን እያሰብን የምንዘምርላት እናት የባዕድን አገር መራራነት ታውቀዋለች።

ከራሳችን ቅዱሳት መካከልም ስለዚህ ነገር የምታስተምረን አለች፤ እርሷም ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ናት። ገድሏ እንደሚተርከው፥ በቡልጋ አገር ባለ ባልና ባለ ልጆች፥ ብዙ አገልጋዮችም ያሏት ባለጸጋ እመቤት ነበረች። አንድ ቀን አገልጋይዋ ብታስቈጣት፥ በእሳት የጋለ እንጨት በአፏ ጨመረችባትና ሠራተኛይቱ ሞተች። እመቤቲቱም በደሏን አውቃ እጅግ አለቀሰች፤ እግዚአብሔር የሟቿን ነፍስ ቢመልስላት ዓለምን ትታ እንደምትመነኵስ ተሳለች። ነፍሷም ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ቤቷን፥ ሀብቷንና ክብሯን ትታ ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፤ በኋላም በጣና ሐይቅ በጓንጉት ታላቅ ተጋድሎ ፈጸመች።

አባቶች ሆይ፥ ይህን ገድል ሁላችን እናውቀዋለን፤ በነሐሴ 24 ቀንም በዓሏን እናከብራለን። ነገር ግን መነሻውን ልብ ብለነዋልን? ቅድስቲቱ «ሠራተኛዬ ጥፋተኛ ነበረች» ብላ ራሷን አላጸደቀችም። የጽድቋ መንገድ የተጀመረው ከእርሷ በታች ያለችው ሴት ነፍስ ከእርሷ ነፍስ ጋር እኩል መሆኗን ባወቀች ቀን ነው። የተዘጋውም የሠራተኛይቱ አፍ ነበረ። ደብረ ሊባኖስ ማለት የሊባኖስ ተራራ ማለት ነው፤ ባዕብዳም በዚያ ተራራ ግርጌ ያለች ናት። የባዕብዳ እመቤቶች የክርስቶስ ሠምራን ዕንባ ቢያውቁት እንዴት መልካም በሆነ ነበር!

ነገር ግን ፍርዱን ወደ ሩቅ አገር ብቻ ከላክነው ራሳችንን እናታልላለን። በአዲስ አበባና በየከተማው ከገጠር የመጣች ልጅ በወጥ ቤት ጥግ የምትተኛበት፥ ደመወዟም «ለዘመድ ሰጥተንላታል» የሚባልበት ቤት ስንት ነው? ከዚህ ማረፊያ ከምታድሩት ተሳላሚዎችም አንዳንዶቻችሁ ለሱባኤ ስትመጡ ቤታችሁን ለሠራተኛ አደራ ሰጥታችሁ ነው። እርሷስ በዓመት አንድ ቀን ተሳልማ እንድትመጣ ፈቅዳችሁላታልን? ስሟንስ ከነአባቷ ስም ታውቁታላችሁን? ደግሞ እኅታቸው ከቤሩት በላከችው ገንዘብ ቤት ሠርተው፥ በተመለሰች ጊዜ ምን ይዘሽ መጣሽ ብቻ የሚሏት ወንድሞች አሉ። የእጇ ፍሬ ለእርሷ ይሰጣት የሚለው ትእዛዝ ለእነርሱም ነው።

ለዚያች እኅት በመጨረሻ የመለስሁላት ይህ ነው። «ልጄ፥ ለልጆችሽና ለእናትሽ እንጀራ ከሩቅ ያመጣሽ ነሽና መልካም ሴት ነሽ። መልካም ሴት የሆንሽው ግን ስለ ተበደልሽ ወይም ስለ ታገሥሽ ብቻ አይደለም። ያልተከፈለሽን ደመወዝ ብትጠይቂ ኃጢአት አይሆንብሽም፤ የደረሰብሽንም ብትናገሪ መልካምነትሽ አይጐድልም። ዝም ማለት አለብሽ ብለን ያስተማርንሽ ትምህርት ጎደሎ ነበርና ይቅር በይን።»

እርሷም ጥቂት ቆይታ፥ «የልጄስ ስድስቱ ዓመት?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የጠፋ ደመወዝ ሊከፈል ይችላል፤ የልጅ ስድስት ዓመት ግን በማንም እጅ አይመለስም። እኔም ከእርሷ ጋር ዝም አልሁ።

በማግሥቱ ከመሄዷ በፊት እንዲህ ብላ ነገረችኝ፤ በቤሩት ሳለች «እኛ ለእኛ በስደት» ብለው ማኅበር ያቋቋሙ የቤት ሠራተኞች፥ ከደመወዝም ከቤትም የወጡትን እኅቶቻቸውን በችግር ጊዜ ምግብ ያደርሱላቸው ነበር። ከእነርሱም መካከል ከካህን ይልቅ ነገሯን በደንብ ያዳመጠቻት አንዲት ሴት ነበረች። ይህን ስሰማ አፈርሁ፤ ደስም አለኝ። የተመሰገነችው ሴት አፏን የከፈተችው እንደዚህ ሆና ይሆናል።

ስለዚህ ተሳላሚዎች ሆይ፥ መልካም ሴት ማን ናት ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ከቤታችሁ ጓዳ ጀምራችሁ መርምሩ። እኛም መምህራን ከእንግዲህ ወዲያ ያንን ምዕራፍ ስናነብ እስከ መጨረሻው እናንብበው፤ የደመወዙ ነገር ያለው በመጨረሻው ነውና። የአጋርን መከራ ያየ አምላክ በባዕብዳና በሐዝሚዬ፥ በየአገሩም በሰው ቤት ያሉትን እኅቶቻችንን ይመልከት፤ በሰላም ወደ ልጆቻቸው ይመልሳቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።