የሚያዘን ማን ነው?

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ይላሉ አባቶቻችን። መሣሪያ ሁሉ እንዲሁ ነው። በሌላው እጅ ስናየው ቀላል ይመስለናል፤ ከእጃችን ሲገባ ግን እኛ ይዘነው ይሁን እርሱ ይዞን ለመለየት እንቸገራለን። ውድ እኅቶችና ወንድሞች፣ ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሰው ልጅ የሠራው መሣሪያ ሰውን ማዘዝ የሚጀምረው መቼ ነው? ምሳሌያችን ጭፈራ ነው። በዚህ ገጽ ስለ ጭፈራ መነሣቱ የሚያስገርመው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው በገዛ አካሉ ላይ ያለው ሥልጣን እንደ ጭፈራ በግልጽ የሚታይበት ቦታ ጥቂት ነው።

በወላይታ የዘመን መለወጫው ጊፋታ በመስከረም ሲከበር ወጣቱ ክብ ሠርቶ ይጨፍራል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪው የተቀባዮቹን መድከም ካየ ዜማውን ያረጋጋል፤ እግራቸው መሞቁን ካየ ያፈጥናል።

ባለፈው ጊፋታ፣ በዓሉን ለማክበር ወደ ሶዶ የተመለስን ጓደኛሞች ጭፈራችንን በስልክ ቀርጸን በቲክቶክ ልናወጣው አሰብን። ስልኩን በድንጋይ ላይ አቆምነው። የሚያየው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ሁላችንም ወደ እርሱ ዞርን፤ ክቡ ተከፍቶ ረድፍ ሆነ። ቪዲዮው አጭር እንዲሆን ስለፈለግን ቀስ ብሎ የሚነሣውን የዘፈኑን መግቢያ ተውነው። ሰባት ጊዜ ደጋገምን። አንዲቱ ጓደኛችን መካከል ላይ ሳቅ ቢያመልጣት «አበላሸሽው!» ብለን ተቆጣናት። ከደጃቸው ሆነው ይመለከቱን የነበሩ አንዲት እናት ግን «ልጆቼ፣ ፊታችሁን ለማን ነው የሰጣችሁት?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አጣን።

ዙሩ ያለን አልነበረም። መግቢያውን ቁረጡ ያለንም የለም። በቲክቶክ የትኛው ቪዲዮ ለማን እንደሚቀርብ በአብዛኛው የሚወስነው የኮምፒዩተር ስሌት ነው፤ እኛም ያ ስሌት ይወድልናል ብለን የገመትነውን ስናደርግ ዋልን። ትእዛዝ ሳይሰማ የሚታዘዝ ሰው ከታዛዦች ሁሉ የባሰ ታዛዥ አይደለምን?

ከመካከላችን አንዱ እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ «ክቡስ ቢሆን የአያቶቻችን ትእዛዝ አይደለምን? እርምጃውን እኛ አልፈጠርነውም። አንዱን ጌታ በሌላው ለወጥን እንጂ ነፃነታችንን አላጣንም።» ይህ ክርክር ቀላል አይደለም። ብዙ ካሰብንበት በኋላ የደረስንበት መልስ ይህ ነው፦ ነፃነት ማለት ሥርዓት አለመኖር አይደለም፤ ለሚያዘን መልስ መስጠት መቻል ነው። በክቡ ውስጥ ያለው አውጪ ያየናል፤ ስንደክም ያርፍልናል፤ ስናስቅ ይስቃል። ስሌቱ ግን ይቆጥረናል እንጂ አያየንም። በሳቋ የተቆጣናት እኅታችን በክቡ ውስጥ ብትሆን ኖሮ ሳቋ የጭፈራው አካል በሆነ ነበር።

እንግዲህ ስልኩን እንጣለው ማለታችን ነውን? አይደለም። ከበሮም ጸናጽልም የሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። ከሩቅ አገርም አንድ ምሳሌ እናምጣ። አሜሪካዊው የውዝዋዜ ደራሲ መርስ ከኒንግሃም (እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 2009) በእርጅናው ዘመን የመገጣጠሚያ ሕመም አካሉን ቢያስረው፣ በ1990ዎቹ በኮምፒዩተር ላይ የሰው ምስል እያንቀሳቀሰ ውዝዋዜ ያቀናብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 በቀረበው «ባይፔድ» በተባለው ሥራው፣ በካሜራና በኮምፒዩተር የተመዘገበ የተወዛዋዦች እንቅስቃሴ የብርሃን ምስል ሆኖ ከመድረኩ ፊት በተዘረጋ ስስ መጋረጃ ላይ ሲታይ ሕያዋኑ ተወዛዋዦች ከኋላው ይወዛወዙ ነበር። ሽማግሌው እግሩ የነፈገውን በመሣሪያው አገኘ። ያሰበውን ግን ለተወዛዋዦቹ ያመጣዋል፤ እነርሱም በሥጋቸው ይሞክሩታል። በመሣሪያውና በሰው መካከል መልስ ነበረ።

እኛም ለመጪው ጊፋታ አንድ ነገር ተስማምተናል። አስቀድመን ክቡን ዘግተን፣ መግቢያውን ሳንቆርጥ እስከ መጨረሻው እንጨፍራለን። መቅረጽ የሚሻ ከውጭ ሆኖ ይቅረጽ፤ ያገኘው ጀርባችንን ቢሆንም ይሁን። ተመልካቹ ጥቂት ሊሆን እንደሚችል እናውቃለን፤ ይህም ቅር እንደሚለን አንደብቅም። ቃላችንን መጠበቅ አለመጠበቃችን የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው። ለእኒያ እናት የሚገባው መልስም ያን ጊዜ ይገኝ ይሆናል።