ፍቅር በውርስ ይገኛልን? ስለ ከበሮ ድምፅና ስለ ልጅ ልጅ

ሰው ለልጁና ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው ሀብት ብዙ ነው። ቤት ያወርሳል፤ ዕቃ ያወርሳል፤ መጽሐፍ ያለው መጽሐፉን፣ በገና ያለው በገናውን ያወርሳል። ይህ ሁሉ በሽማግሌ ፊት ተነግሮ፣ በወረቀት ተጽፎ፣ በምስክር ጸንቶ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ሰው በዘመኑ ሁሉ ከያዘው ሀብት የሚበልጠውን፣ ይኸውም የወደደውን ነገር የወደደበትን ልብ፣ በኑዛዜ ሊያስረክብ አይችልም። በገናው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በገናው ሲደረደር በባለቤቱ ዐይን የሚሞላው እንባ ግን አይተላለፍም። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ፍቅር በውርስ ይገኛልን? ደግሞስ ሽማግሌ እርሱ የወደደውን ሕፃን እንዲወድለት ሲደክም ለሕፃኑ በጎ ማድረጉ ነውን ወይስ የራሱን ደስታ መሻቱ?

ጥያቄው በባዶ ቃል እንዳይቀር ምሳሌውን ከቅርብ መውሰድ ይገባል። በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚኖር፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን ክረምት የልጁን ልጅ እጇን ይዞ ከበሮ ከሚመታበት ደጅ ወደ ሌላው ደጅ ሲያዞር የሚከርም አንድ አረጋዊ ይታሰብ። እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ሰፈር ብርቅ አይደለም። በዓል በሆነ ዕለት፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ በጭቃው መንገድ ላይ ነጠላ የለበሰች ሕፃን በጃንጥላ ከልሎ የሚሄድ ሽማግሌ አይታጣም።

የክረምቱ መንገዳቸው የታወቀ ነው። ሰኔ 12 ቀን የካ ሚካኤል ይሄዳሉ። ሐምሌ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነው። ነሐሴ 13 ቀን ሕዝቡ ቡሄ የሚለው ደብረ ታቦር ይውላል፤ ያን ጊዜ ወንዶች ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ፤ በየደጁ እየጨፈሩ ሙልሙል ይቀበላሉ። ነሐሴ 16 ቀን ፍልሰታ ይፈታል። መስከረም 1 ቀን የቅዱስ ራጉኤል በዓል ስለ ሆነ ዳገቱን ወጥተው እንጦጦ ይደርሳሉ። የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አረጋዊው በዚያ ሲቆም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑበትን እንጦጦ ማርያምን ለልጅቱ በጣቱ ያሳያታል። በመጨረሻ መስከረም 16 ቀን የደመራ ዕለት ወደ መስቀል አደባባይ ይወርዳሉ፤ በዚያም የየሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው፣ በረድፍ ተሰልፈው፣ በከበሮ እየዘመሩ ሲያልፉ ያያሉ።

አረጋዊው ከዚህ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ማሕሌቱን ነው። ማሕሌት በአንድ ጊዜ የሚፈነዳ ደስታ አይደለም። አስቀድሞ ቃሉ ያለ ከበሮ በቁም ዜማ ይዜማል። ቀጥሎ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ወዲህና ወዲያ እያሉ ይዘምሙታል። ከዚያ በኋላ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ መረግድ ይሆናል። ከበሮው መጀመሪያ በምድር ተቀምጦ በዝግታ ይመታል፤ ኋላም መቺው በትከሻው አንግቶት ይነሣል፤ ምቱ እየፈጠነ ሄዶ ጽፋት ሲደርስ እጅ ሁሉ ያጨበጭባል። ያው አንድ ቃል ነው፤ ግን ደጋግሞ በተመለሰ ቍጥር ከበፊቱ ይልቅ ይሞቃል። ይህን የለመደ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አይደክመውም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ይደክማታል። ቃሉ ግእዝ ነው፤ ምሥጢሩ አልተገለጠላትም። ስለዚህ፣ «አባባ፣ ከበሮው መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም፣ «ታገሺ ልጄ፤ ሳይዘገይ አይጥምም» ይላታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጋቢው ውስጥ እንቅልፍ ይወስዳታል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰዎች ይከራከራሉ። አንደኞቹ፣ «ልጅን ወደ ወደደችው ተዋት፤ ያልገባትን ነገር በሌሊት ቀስቅሶ ማሳየት በሕፃን ላይ የራስን ትዝታ መጫን ነው» ይላሉ። ሁለተኞቹ ደግሞ፣ «ልጅ ምን ያውቃል? በግድም ቢሆን ይልመድ፤ ኋላ ያመሰግናል» ይላሉ። ሁለቱም ከእውነት ጥቂት ይዘዋል፤ ሁለቱም ግን አልሞሉም።

የፊተኞቹ ነገር ያልሞላ ስለ ምን ቢሉ፣ ልጅ ያላየችውን ልትመርጥ አትችልምና ነው። ማንም ሳያሳያት የቀረች ልጅ ነጻ ሆና ቀረች አይባልም፤ በሩ ሳይከፈትላት ቀረ ይባላል እንጂ። አረጋዊው ባያሳያት ሌላው የራሱን ማሳየቱ አይቀርም፤ ገበያው ያሳያል፤ በእጅ የሚያዘው ስልክ ሌሊትና ቀን ያሳያል። ሕፃን ከምንም ነገር ሳትነካ በባዶነት ተቀምጣ የምትጠብቅበት ዘመን የለም።

የኋለኞቹም ነገር ያልሞላ ስለ ምን ቢሉ፣ የዜማው አባት የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይመልስላቸዋል። ያሬድ የስድስተኛው መቶ ዓመት ሰው ነው። በልጅነቱ ከዘመዱ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ ሊማር ቢገባ ትምህርቱ አልገባው ብሎ ተገረፈ፤ ከግርፋቱም የተነሣ ኰብልሎ ሄደ ይባላል። የመለሰው ሁለተኛ በትር አልነበረም። በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሳለ ትል ወደ ዛፉ ስትወጣና ስትወድቅ፣ እንደ ገና ስትወጣ አይቶ፣ በመጨረሻም ከፍሬው ስትደርስ ተመልክቶ ልቡ ተመለሰ። ዘመዱ የሚችለውን ሁሉ አድርጎ ነበር፤ መውደድን ግን ያገኘው ብቻውን በዛፉ ሥር ነው። እንግዲህ በትር እግርን ከደጅ ሊያደርስ ይችላል፤ ልብን ግን ሊያስገባ አይችልም።

ታዲያ ለሽማግሌው የቀረለት ሥራ ምንድን ነው? ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። ሕፃኒቱ ከእንቅልፏ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ከበሮውን አይደለም፤ የአያቷን ፊት ነው። መረግዱ ሲጀምር ያ ፊት እንዴት እንደሚለወጥ፣ ከንፈሩ እንዴት ከዜማው ጋር እንደሚንቀሳቀስ ታያለች። በቤት ሳለ ወገቡን የሚያመው፣ ቶሎ የሚቆጣው ሰው፣ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ሆኖ ታገኘዋለች። የሚታየው ደስታ እውነተኛ ከሆነ ልጅቱ፣ «እዚህ ነገር ውስጥ አንድ ነገር አለ» ብላ ትይዛለች። ምን እንደ ሆነ ገና አታውቀውም፤ መኖሩን ግን አትረሳውም። ስለዚህ ሽማግሌ የሚያወርሰው መውደዱን አይደለም፤ የሚወድ ሰው ምን እንደሚመስል ማሳየትን ነው። ይህም በማስመሰል አይሆንም፤ ሕፃን የውሸትን ፊት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ታውቃለችና።

ስለ ያሬድ ሌላም ይነገራል። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ጦሩን በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ንጉሡም አላወቀ፣ ያሬድም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ አልተሰማው ይባላል። ይህን ነገር ብዙ ሰው የሚያነሣው የዜማውን ጣዕም ለመናገር ነው። ነገር ግን ሌላም ምክር አለበት። ከጥልቅ መውደድ አጠገብ የቆመ ሰው ሳያውቅ ሊወጋ ይችላል። አያትም እንዲሁ ነው። በራሱ ተመስጦ ውስጥ ገብቶ የሕፃኒቱ እግር በብርድ መደንዘዙን ከረሳ፣ የተከለው ጦር በእርሷ ላይ ነው።

እውነተኛው ፈተና ግን የሚመጣው ኋላ ነው። በደመራ ዕለት ልጅቱ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሰልፍ ስታይ እንቅልፍ የለባትም። ሴቶች ልጆች ከበሮ አንግተው እየመቱ፣ በአንድ እርምጃ ወዲያና ወዲህ ሲዞሩ አይታ ዐይኗ ይበራል። «አባባ፣ እኔም እንደነሱ ልምታ» ትለዋለች። አረጋዊው ሊወርስለት የፈለገው የሊቃውንቱን ማሕሌት ነበር፤ በዚያ ረድፍ ግን ቦታዋ አይደለም። እርሷ ያገኘችው ሌላ ከበሮ ነው፤ መዝሙሩ አማርኛ፣ ድምፁ በማጉያ የሚወጣ፣ ምቱም ለአያቷ ጆሮ የሚፈጥን። እንግዲህ ምን ይበላት? «ይህ ዜማ አይደለም» ቢላት ከነገሩም ከእርሱም ያርቃታል። ሳይወደው «እጅግ ያማረ ነው» ቢላትም ያው የውሸት ፊት ይሆናል። መልሱ በንግግር አይገኝም። ከጥቅምት ጀምሮ በየሳምንቱ ወደ ልምምዱ እየወሰዳት በአዳራሹ ጥግ በአግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃታል። እርሷ በክረምቱ ሌሊት ያልገባትን እየሰማች ከአጠገቡ እንደ ቆየች፣ እርሱም ያልጣመውን እየሰማ ከአጠገቧ ይቆያል። ማመስገን ግዴታ አይደለም፤ መገኘት ግን ግዴታ ነው። ይህን ያላደረገ ሽማግሌ ከፊተኛው ጀምሮ የፈለገው የልጅ ልጁን ሳይሆን ለራሱ ትዝታ ጓደኛ ነበር ማለት ነው።

ከበሮው ራሱ ይህን ያስተምራል። ከተፈለፈለ ግንድ ይሠራል፤ ሁለት አፍ አለው፤ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። የሰፊው ድምፅ ወፍራም፣ የጠባቡ ቀጭን ነው። ሊቃውንት ሰፊውን በመለኮት፣ ጠባቡን በትስብእት፣ ጠፍሩን በጌታ ገላ ላይ በወጣው የግርፋት ሰንበር ይመስሉታል። ይህ ታላቁ ምሥጢር ነው። ከእርሱ በታች ደግሞ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር ይገኝበታል። ሁለቱን አፎች የሚወጥራቸው አንዱ ጠፍር ነው፤ ጠፍሩ በአንዱ በኩል ቢላላ ሌላውም ድምፁ ይሞታል። በክረምት ርጥበት ቆዳው ሲላላ በፀሐይ ወይም በእሳት አጠገብ ይሞቃል እንጂ፣ ድምፁ ጠፋ ተብሎ አይጣልም። አረጋዊና ሕፃንም በድምፅ አይተካከሉም፤ እንዲተካከሉም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጠፍሩ ከሁለቱም ወገን መወጠሩ ነው።

ነገሩ በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም። በአሜሪካ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦር የተመለሱ ሰዎች ማኅበራት የከበሮና የጥሩንባ ጓዶችን አቋቋሙ። ዛሬም በዚያ ያሉ ወጣቶች የትምህርት ዕረፍታቸውን በአውቶቡስ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ፣ በሜዳ ላይ እየተሰለፉና እየተወዳደሩ ያሳልፋሉ፤ ትልቁም አገር አቀፍ ውድድራቸው በ1972 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ዕድሜያቸው ከሃያ ሁለት ዓመት ሲያልፍ ከሰልፉ ይሰናበታሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀራቸው ከተመልካች ጋር መቀመጥ ነው፤ ስለዚህ ልጁን ወይም የልጅ ልጁን ይዞ የሚመጣ የቀድሞ ሰልፈኛ በዚያም አይታጣም።

ደግሞም የወደዱትን ለመቀበል የሥጋ ዝምድና የግድ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ወላጆቻቸውን ያጡ አርባ የአርመን ልጆች በነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት፣ ባለ ቅኔው ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን የጻፉለት የሕዝብ መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። አባት የሌላቸው ልጆች ለማያውቁት አገር ድምፅ ሆኑ። ውርሱን የወሰነው ደም አልነበረም፤ የሰማ ጆሮና የከፈተ በር ነበረ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የከበደ ነው። አረጋዊው በሚመጣው ዓመት የእንጦጦን ዳገት እንደማይወጣ ጉልበቱ ነግሮታል። ልጅቱም፣ «አባባ፣ እርስዎ ሲደክሙ ማን ይዞኝ ይመጣል?» ብላ ጠይቃዋለች። ታዲያ ነገ ብቻዋን የምትሰማውን ድምፅ ዛሬ አብሮ ማስወደድ ኀዘንን መዝራት አይደለምን?

ለዚህ መልስ የሚሆን ሥርዓት በዚያው በቤተ ክርስቲያን አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ 55 ቀን ሙሉ አይመቱም። ዜማው ግን አይቋረጥም፤ በመቋሚያ ይቀጥላል። የከበሮውን ዝምታ የሚሰማው ግን ከበሮውን የሚያውቅ ብቻ ነው፤ ያላወቀው ሰው ዝም ማለቱን እንኳ አይሰማም። የልጅቱም ኀዘን እንዲሁ ይሆናል። ያዝናታል፤ የሚያዝናትም ያገኘችው ነገር ስለ ነበረ ነው። ከዚህ ኀዘን ሊያድናት የፈለገ ሰው ከደስታውም ሊያስቀራት ይገባው ነበር፤ ይህም ምሕረት አይደለም።

ስለዚህ ፍቅር እንደ ርስት አይወረስም። ለእርሱ በር ይከፈትለታል፤ በበሩም አጠገብ ታግሦ ይቆይለታል። የልጅ ልጅ ያለው ሰው ጉልበቱ ሳይከዳው ወደሚወደው ነገር ይውሰዳት፤ እርሷም ወደምትወደው ስትወስደው እንቢ አይበል።