የኤሳው ሌሊት

«ይቅር ለእግዚአብሔር» ስንባባል ማን ለማን ምኑን ይተወዋል? ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሽማግሌ ፊት ተቀምጠን ወይም በዓል ሲቃረብ ከአፋችን ይወጣል። ልብ በሉ፤ «ለእግዚአብሔር» ነው የሚለው እንጂ «ለጎረቤቴ» አይልም። በዳይ ለምኖ ተበዳይ ሲተው፣ ዕዳው በመሐል ወደ ሦስተኛ ወገን ይዛወራል ማለት ነው። «ይቅር» የሚለውም «ቀረ» ከሚለው የመጣ ነው። ተፋቀ፣ ተሰረዘ አይልም። ይቅር፣ እዚያው ይቆይ ነው የሚለው፤ አንዳንዴም «ቀረብኝ» ነው፣ የሚገባኝን አጣሁት። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ዕዳውን ይረከባል ከተባለው ከራሱ ከእግዚአብሔር ጋር የተጣላ ሰው እንዴት አድርጎ ይቅር ይላል? በማያምነው ሰው እጅ አደራ የሚያስቀምጥ ማን አለ?

ጥያቄውን ከፍልስፍና ክፍል አላመጣሁትም። ከገና በፊት ባሉት ሳምንታት በሀቢቾ ቤታችን የሚነሳ ክርክር ነው። አባቴ የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነው፤ አያቴ ኦርቶዶክስ ናት። (በሆሳዕናና በአካባቢዋ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም፤ በጾም ቀን ሁለት ድስት መጣድ ነው እንጂ ሌላ ችግር የለውም።) አያቴ ከኅዳር 15 ጀምራ የነቢያትን ጾም ትይዛለች። የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ እያለች በስማቸው ትቆጥራለች። አባቴ ደግሞ ማታ ማታ ከእራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብልናል።

በዚህ ሰሞን የሚወደው ዘፍጥረት 32ን ነው። ያዕቆብ የወንድሙን በረከት በተንኰል ወስዶ ከሸሸ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ኤሳው አራት መቶ ሰው አስከትሎ እየመጣ መሆኑን ይሰማል። በያቦቅ ወንዝ ዳር ብቻውን ያድርና ከማያውቀው ጋር እስኪነጋ ይታገላል። ጭኑ ይሰናከላል፤ ሳይባርከኝ አልለቅም ብሎ አዲስ ስም ያገኛል። ሲነጋ እያነከሰ ወደ ወንድሙ ይሄዳል፣ ኤሳውም ሮጦ ያቅፈዋል። ከዚህ አባቴ የሚያወጣው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አስቀድመህ ከእግዚአብሔር ጋር ታገል፣ ከሰው ጋር መታረቁ ይቀልሃል። ጥሩ ስብከት ነው፣ አልክድም። አያቴ ግን አንድ ማታ አቋረጠችው።

«ያዕቆብማ በዳይ ነው። እንቅልፍ ያጣው ፈርቶ ነው። የተበደለው ኤሳው አይደለም እንዴ ልጄ? የኤሳው ሌሊት የት ተጻፈ?»

አባቴ መጽሐፉን አገላበጠ። እኔም ከዚያ ወዲህ ፈልጌ አላገኘሁም። ስለ ኤሳው ልብ የተነገረን ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ወንድሙን ሊገድል እንደዛተ፣ በመጨረሻም አንገቱን አቅፎ እንዳለቀሰ። ከዛቻው እስከ እንባው ሃያ ዓመት አለ። የያዕቆብ ትግል አንድ ሌሊት ነው፣ ለዚያውም ተጽፎለታል።

አያቴ ይህን የምትጠይቀው ለክርክር አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከወጣ በኋላ የብዙ ወጣት ዕጣ በመንደር ሹሞች እጅ ገባ። ያኔ በምትኖርበት መንደር (ስሙ ይቆየን) አንዱ ሹም የራሱን ልጅ አስቀርቶ የእሷን የበኩር ልጅ ስም አስመዘገበ። በ1981 ዓ.ም. የሄደ ልጅ አልተመለሰም፤ መርዶም አልመጣ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሰውዬው ሽማግሌ ላከ። «ከሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከላይኛው ጋር ነው» ብላ መለሰቻቸው። ሽማግሌዎቹ እንደ ድፍረት ቆጠሩባት ይባላል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የታመነ መልስ ሰምቼ አላውቅም። ዕዳውን ለእግዚአብሔር አስተላልፊ ሲሏት፣ እሷ ከተረካቢው ጋር ገና ሒሳቧን አልጨረሰችም። ጸሎት አላቆመችም። አባታችን ሆይን ትደግማለች፤ በደልን ይቅር ስለ ማለት የሚናገረው ዘንድ ስትደርስ ግን ትዘለዋለች። አባቴ ልጅ ሳለ ለምን ብሎ ጠየቃት። «በፊቱ አልዋሽም» አለችው።

ይህ ክህደት ነው? አይመስለኝም። የተዉትን ሰው ማንም አይሟገተውም፤ የሚዋሹትም ለማይፈሩት ነው። ኢዮብንም እንመልከት። በመጨረሻ የተወቀሱት ለእግዚአብሔር ጠበቃ ሆነው የቆሙት ወዳጆቹ ናቸው፤ ስለ እነሱ እንዲጸልይ የተደረገው ያ ሲያማርር የነበረው ኢዮብ ነው። «ታዲያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቂም ይዞ ይኑር ነው የምትለው?» የሚለኝ ጓደኛ አለ። ቂም ሌላ ነው ወንድሜ! ቂመኛ ከእግዚአብሔር ጋር አይሟገትም፤ ከጎኑ አሰልፎ ጠላቱን ያስረግማል። አያቴ ሰውዬውን ስትረግም የሰማ የለም።

ነገሩ ከአንድ ቤት አልፎ አገርም ገጥሞታል። በ2003 ዓ.ም. የክርስትናና የእስልምና ሃይማኖት መሪዎች ሞት ለተፈረደባቸው የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ለመኑ። በዚያው ዓመት ግንቦት የ23ቱ ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ብዙዎቹ ከእስር ወጡ። ከታሰሩ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ከተጎጂ ቤተሰቦች መካከል የተቃወሙ ነበሩ። አያቴ ወሬውን በሬዲዮ ሰማች። «ይውጡ፣ እነሱም ሸምግለዋል» አለች፤ ቆየት ብላ ደግሞ «እኔን ግን ማን ጠየቀኝ?» መንግሥት ቅጣትን ሊያነሳ ይችላል፣ ሥልጣኑ ነው፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ከእስር ቤት ቢወጣ እኔም አልቃወምም። ይቅርታ ግን በውክልና የሚሰጥ ነገር አይደለም። የሃይማኖት አባቶችም ቢሆኑ ስለ ሌላ ሰው ሟች «ይቀርብኝ» ለማለት አይችሉም። ለእነሱ ምን ቀረባቸውና?

ስለ ያዕቆብና ኤሳው ሌላም የምንዘለው ነገር አለ። ከተቃቀፉ በኋላ ኤሳው አብረን እንጓዝ ይላል። ያዕቆብ ልጆቹም ከብቶቹም ደካሞች ናቸው፣ ቀስ ብዬ ሴይር እደርስብሃለሁ ይልና ወደ ሱኮት ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ አንድ ላይ የምናያቸው አባታቸውን ይስሐቅን ሲቀብሩ ነው። የእኛ አገር አስታራቂ ግን ዕርቁ በወረደ በሰዓቱ ከአንድ መሶብ ካልበላችሁ ይላል። ችኮላው ለማን እንደሚጠቅም እንጃ፤ ለተበዳይ ይመስላችኋል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኖላዊ ሳምንት፣ አያቴ የማታ ጸሎቷን ስታደርስ ያንን ቃል ሳትዘል ደገመችው። አባቴ ቀና ብሎ አያት፤ ማንም ምንም አልጠየቃት። በማግስቱ ለሰውዬው «ይቅር ለእግዚአብሔር ብላለች በሉት» ብላ ላከች። ቡና አብረው ጠጥተው አያውቁም። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ግን ለቅሶ ሄዳ፣ ከበሩ አጠገብ እስኪመሽ ተቀምጣ ተመለሰች።