ስለ ምትና ስለ መጠባበቅ

ስድስት ምቶች ያሉትን ዜማ ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መስማት ይቻላል፤ ድምሩ አንድ ሲሆን አካሄዱ ግን ሁለት ነው። ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከጉደር እስከ ጌዶ ባለው አገር፣ ሠርግ ሆኖ ረገዳ የሚባለው ጭፈራ ከሚመታበት ዳስ የቆመ ሰው ልብ ብሎ ቢያዳምጥ፣ ብዙ ጊዜ ከበሮው በአንደኛው አቈጣጠር ሲሄድ ጭብጨባው በሌላኛው ሲመልስለት፣ አውራጁና ተቀባዮቹም ከሁለቱ በአንዱ ሳይታሰሩ በላይ በላይ ሲያልፉ ይሰማል፤ እግሩንም ሳያውቀው ማንሣት የጀመረ እንደ ሆነ፣ እግሩ የሚወርድበት ቅጽበት ከበሮ መቺውም አጨብጫቢውም ያልመቱት፣ ነገር ግን ከሁለቱ መካከል የተወለደ ሦስተኛ ምት ሆኖ ያገኘዋል። ማንም ያልመታው፣ ሁሉ ግን የሚሰማው ይህ ምት ህላዌው የት ነው? በከበሮው ቆዳ ላይ ነው እንዳንል ቆዳው አልተመታም፤ በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ነው እንዳንል ዳስ ሙሉ ሕዝብ በአንድነት ይረግጥበታል።

ስለ ጊዜ ከመረመሩት ጥንታውያን ሊቃውንት መካከል የሂጶ ጳጳስ የነበረው አውግስጢኖስ ለዚህ ጥያቄ እጅግ የቀረበ ይመስለኛል። ኑዛዜ በሚባለው መጽሐፉ ዐሥራ አንደኛ ክፍል፣ አንድ ሰው በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር ሊደግም ሲነሣ በነፍሱ ውስጥ ምን እንደሚሆን ያትታል፤ ከመጀመሩ በፊት ተስፋው በመዝሙሩ ሁለንተና ላይ ይዘረጋል፣ ሲጀምረውም ያለፈው ቃል ከተስፋ ወደ ትዝታ እየተሻገረ ይሄዳል፣ እስኪፈጽመውም ድረስ ነፍስ በሁለቱ መካከል ተዘርግታ ትቆያለች፤ ስለዚህም ጊዜን የምንሰፍረው በነፍሳችን ውስጥ ነው ይላል። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የአውግስጢኖስ ዘማሪ ብቻውን ነው። ብቻውን የሚደግም ሰው ቢዘገይ የሚያስጠብቀው፣ ቢፈጥንም የሚቀድመው የለም። ሁለት ሰዎች አንድ ዜማ በያዙ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ከራሱ ተስፋ ጋር የባልንጀራውንም ተስፋ መሸከም አለበት፤ እኔም ምት የሚጀምረው ከዚህ፣ ማለትም አንዱ የሌላውን መምጣት አምኖ ስፍራ ከሚተውበት ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ የእምቢልታን ያህል ግልጽ ምስክር አላገኘሁም። አንዱ እምቢልታ ለብቻው የሚሰጠው ድምፅ ከአንድ ወይም ከሁለት ስለማያልፍ፣ ሦስት ነፊዎች አንዱ ባቆመበት ሌላው እየገባ አንዱን ዜማ ይሠሩታል፤ ዜማው የሦስቱ ነው እንጂ የአንዳቸውም አይደለም።

ረቀቅ ባለ መልክ ደግሞ ይኸው ነገር በማኅሌት ይታያል። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአዲስ ዓለም፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባሠሯት በማርያም ቤተ ክርስቲያን የኅዳር 21 ማኅሌት ሲቆም፣ ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ፊት ለፊት ተሰልፈው አስቀድመው በቁም ዜማ ያለ መሣሪያ ያዜማሉ፤ ቀጥሎ በዝማሜ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ከዚያም በመረግድ ከበሮውና ጸናጽሉ ይገባሉ፤ ወደ ጽፋቱ ሲደረስ ጭብጨባው ይጨመራል፣ አመታቱም ይፈጥናል። ቃሉ ያው ቃል፣ ዜማውም ያው ዜማ ነው፤ የተለወጠው ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚጠባበቁበት መጠን ነው። በድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ የተጻፉት ምልክቶች የዜማውን መንገድ ያሳያሉ፤ ከበሮው መቼ እንደሚከብድ፣ መቼ እንደሚነሣ ግን ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ጎን ቆሞ፣ በጉልበቱና በትከሻው ይማረዋል። መምህራን የከበሮውን ሰፊ አፍ በመለኮት፣ ጠባቡን አፍ በትስብእት ይመስሉታል፤ እኔም ከዚህ ምሥጢር ሳልወጣ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ይኸውም ማኅሌቱ የሚሞቀው ሁለቱ አፎች በአንድ ጊዜ ሲጮኹ ሳይሆን አንዱ ሌላውን ጠብቆ ሲመልስለት ነው።

ይህ መጠባበቅ በድምፅ መቅጃ ፊት ሲቀርብ ምን ይሆናል? ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ ገና ወጣት ሳለ፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዐትን ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀድቶ፣ የተቀዳውን እየለዋወጠ አዲስ ድርሰት ሠርቶ ነበር፤ ከተቀረጸ ድምፅ ከተሠሩት ድርሰቶች ሁሉ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው የራሳቸው ማዕረግና የራሳቸው ቦታ የነበራቸው ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ እምቢልታና ከበሮም በአንድ መድረክ ተቀመጡ። ኦርኬስትራውን ኋላ ተስፋዬ ለማ መራው፤ በ1969 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ታየ፤ ቅጂዎቹም በ2007 ኢትዮፒክስ በተባለው የአልበሞች ተከታታይ 23ኛው ሆነው እንደገና ወጡ።

እነዚያን ቅጂዎች ሳዳምጥ የማስበው የመሰንቆውን ዕጣ ነው። አዝማሪ ብቻውን ሲጫወት ጊዜ የእርሱና የአድማጩ ነው፤ አንዱ እንግዳ ግጥም ሊሰጠው አፉን ሲከፍት መሰንቆው በአንድ ሐረግ ላይ እየተመላለሰ ይጠብቀዋል፣ ቃሉ ሲደርሰው ይቀበለዋል፤ የሚጠበቀው እንግዳ ቢያመነታ፣ ቢስቅ፣ ቃሉን መልሶ ቢያስብ እንኳ ዜማው አይሰበርም። ከብዙ ባልንጀሮች ጋር ሲቀመጥ ይህ ነፃነት ይጠብባል፤ ከእንግዲህ የሚጠብቀው እንግዳውን ሳይሆን የክራሩንና የዋሽንቱን መግቢያ ነው። የጠፋውን ነገር መሸሸግ አይገባም፤ ነገር ግን ቀድሞ ተገናኝተው የማያውቁ ሰዎች አንዱ የሌላውን እስትንፋስ ማወቅ መማራቸው በእኔ ሚዛን ከጠፋው አያንስም።

በሌላው ዓለም የምት ረቂቅነት ተቃራኒውን መንገድ የያዘበት ጊዜ ነበር። በአሜሪካ ተወልዶ በሜክሲኮ የኖረው ኮንሎን ናንካሮ (1912–1997) የሰው እጅ የማይደርስበትን ፍጥነትና ድርብርብ በመሻት ድርሰቶቹን በወረቀት ጥቅልል ላይ እየበሳ፣ ያለ ተጫዋች ለሚመታ ፒያኖ ሰጣቸው። በዚያ ብዙ አካሄዶች በየራሳቸው ፍጥነት በአንድ ጊዜ ይሮጣሉ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፣ ቀዳዳው በደረሰ ጊዜ መዶሻው ይወድቃል እንጂ። ከዚያም አንሳምብል ሞደርን የተባለው የጀርመን የዘመናዊ ሙዚቃ ቡድን፣ ለማሽን ከተጻፉት ከእነዚህ ድርሰቶች ለሰው ተጫዋቾች የተዘጋጁትን በ1990ዎቹ ቀድቶ አወጣቸው። ማሽኑ ያለ ስሕተት የሚሠራውን ሰዎች ለምን ይደክሙበታል?

እኔ የማገኘው መልስ ይህ ነው። አንዱ ሦስት፣ ሌላው አራት፣ ሌላው አምስት አድርጎ ያንኑ ጊዜ ሲከፍለው፣ ሦስቱ ቢከታተሉ ይጠፋሉ፣ ባይደማመጡም ይጠፋሉ፤ የጎረቤቱን አካሄድ በኅሊናው ይዞ የራሱን አለመልቀቅ ከመከተል የሚበልጥ መተማመን ይጠይቃል። ታዲያ እያንዳንዱ በጆሮው የቆጣሪ ድምፅ ተደርጎለት ለብቻው ቢጫወትና ኋላ ቢቀናበር፣ ሰሚው ልዩነቱን ካላወቀው ምን ጐደለ የሚል ይኖራል። ይህ ቀላል ሙግት አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ለሚሰማ ሰው አንዳንዴ ምንም አይጐድልም። ለሚረግጥ ሰው ግን ይጐድላል፤ ከበሮ መቺ የአውራጁን እስትንፋስ አይቶ በጥቂቱ የሚያቆይበትን ስፍራ እግር ያውቀዋል፣ የቆጣሪ ድምፅ ግን እስትንፋስ የለውም።

በአምቦና በአካባቢው ከተሞች ዛሬ ሠርግ የሚደምቀው በአብዛኛው በተቀዳ ዘፈን ነው። ቅጂውን አልኰንነውም፤ የአምቦው ተወላጅ ዘፋኝ ሃጫሉ ሁንዴሳ ድምፁ ከአገሩ ድንበር አልፎ የተሰማው፣ በ2020 ከተገደለም በኋላ የሚሰማው በቅጂ ነው። ነገር ግን የተቀዳው ዘፈን ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ አያዘገይም፣ ተቀባዮቹ ገና ሲሞቁ አያራዝምላቸውም። ስለዚህ ረገዳን ለትውልድ ሊያቆይ የሚነሣ ሁሉ፣ ከበሮ መቺውን፣ አጨብጫቢዎቹን፣ አውራጁንና ተቀባዮቹን በአንድ ቦታ አቁሞ፣ ለየአንዳንዳቸው ማይክሮፎን አድርጎ፣ ያለ ቆጣሪ በአንድ ጊዜ ይቅዳቸው እላለሁ፤ ማኅሌቱንም ከቁም ዜማው አንሥቶ እስከ ጽፋቱ ሳይቈርጥ ይቅዳው፤ ሞቅ ያለው ጽፋት ብቻ ተቈርጦ ሲቀርብ የኋላው ተማሪ ፍጥነቱን ይወርሳል፣ ያ ፍጥነት የወጣበትን የሰዓታት ትዕግሥት ግን ከየትም ሊማረው አይችልም።